ውሃው ወዴት ሄደ?
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው አልፎ አልፎ ብቻ ከካሚዮን ሞቶር ውስጥ ስለሚጠፋ ውሃ ነው። ርእሱን ሰምቶ «ይህ የሾፌሮችና የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» በማለት ሬዲዮውን ለመዝጋት እጁን የዘረጋ ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ከገበያ የምንሸምተው እህል፣ ቤት የምንሠራበት ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ልጆቻችን የሚማሩበት ወረቀት ሁሉ በካሚዮን ተጭኖ የመጣ ነው። ካሚዮን በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም ጉዳቱ በባለንብረቱ ብቻ አይወሰንም፤ ጭነቱን የሚጠብቀውን ነጋዴና ከነጋዴው የሚገዛውን ሕዝብ ጭምር ያገኛል። ከዚህም በላይ አንዲት የውሃ ጠብታ የአንድን ወጣት ስም እንዴት ለማጥፋት እንደ ደረሰች እነግራችኋለሁና ነገሩ መካኒክ ላልሆነውም ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን መንገዶች ላይ ረጅም ዕድሜ ያገለገሉ ካሚዮኖች ሞልተዋል። ሕዝቡ ኤንትሬ እያለ የሚጠራቸውን የፊያት 682 ኤን 3 ካሚዮኖች የማያስታውስ መንገደኛ ጥቂት ነው። እንዲህ ያሉት አሮጌ መኪናዎች አሠራራቸው ግልጽ፣ ብረታቸው ወፍራም ስለ ሆነ በጥንቃቄ ለያዛቸው ሰው ታማኝ አገልጋዮች ናቸው። ዳሩ ግን ዕድሜ ለብረትም ለጎማም ስለማይራራ፣ ያረጀ ሞቶር እንዳረጀ ሰው የራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ለማወቅም ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አስቀድሜ ውሃ በሞቶር ውስጥ ያለውን ሥራ ባጭሩ ላስረዳ። ነዳጅ በሲሊንደር ውስጥ በሚቃጠልበት ቅጽበት የሚፈጠረው ሙቀት እስከ 2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። ከዚህ ሙቀት አንዱ ክፍል መኪናውን የሚገፋ ጉልበት ይሆናል፤ አንዱ ክፍል ከጢሱ ጋር በማርሚታው ይወጣል፤ የቀረውን፣ ማለት ሲሦውን ያህል፣ በሞቶሩ አካልና በቴስታታው ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ መሸከም አለበት። ውሃውን ፓምፑ ይገፋዋል፤ ውሃው የሞቶሩን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በዚያም በቀጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲወርድ ማራገቢያው በሚስበው አየር ይበርድና ተመልሶ ይገባል። ይህ ዑደት ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ ፒስተኖቹም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃሉ።

በከፍተኛ ቦታ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለብን። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን እንደ ድስት ክዳን አቧራ ብቻ የሚከለክል ሳይሆን፣ በጠንካራ ሞላ ተጨንቆ በውስጥ ግፊት እንዲኖር የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ግፊቱ በከባቢ አየር ግፊት ግማሽ ያህል ቢጨምር በባሕር ጠለል ላይ ውሃው እስከ 112 ዲግሪ ያህል ሳይፈላ ይቆያል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ቀዳዳዋ ትንሽ ብትሆንም መጀመሪያ የምታጠፋው ግፊቱን ነው። ግፊቱ ሲጠፋ መፍያው ይወርዳል፤ መፍያው ሲወርድ የቀረው ውሃ ደግሞ በእንፋሎት ይሄዳል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ የልጅነት ወዳጄ ወደ እኔ መጣ። ይህ ሰው ሌላ ሀብት የለውም፤ ያለው አንዲት አሮጌ ካሚዮን ብቻ ናት። ራሱ እየነዳ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ዕቃ ያመላልሳል፤ አራት ልጆቹን የሚያሳድገውም በዚያው ነው። «መምህር ሆይ፣ መኪናዬ ውሃ ትጠጣለች፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይደለም። አንዱን ጉዞ ጠብ ሳይላት ትመለሳለች፤ በሌላው ጉዞ ገና ጣርማ በር ሳልደርስ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይወጣል። ክዳኑን ስከፍት ሦስት ሊትር ያህል ጎድሎ አገኘዋለሁ» አለኝ።

ይህን ሲናገር ረዳቱ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ዕድሜው ከ19 ዓመት የማይበልጥ፣ ከደመወዙ ለእናቱ የሚልክ ጭምት ልጅ ነው። ወዳጄ ወደ እርሱ እያመለከተ «ውሃ መሙላት የዚህ ሥራ ነው። ማታ ሞልቼዋለሁ ይለኛል፤ ጠዋት ግን ጎዶሎ ነው። ሳይሞላ ሞልቻለሁ እያለ ይዋሸኛል እንዳልል ልጁን እወደዋለሁ፤ አይዋሽም እንዳልል ውሃው የለም» አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ» ከማለት በቀር የተናገረው ነገር አልነበረም።

እኔም ሞቶሩን አስነሥቼ አሞቅሁት። በቀትር ጊዜ፣ በሞቃት ሞቶር ላይ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦዎቹን ሁሉ በእጄ ዳሰስሁ፤ ፋሸታዎቹን በካቻቢቴ ሞከርሁ፤ ሁሉም ደረቅና ጥብቅ ነው። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። «በውጭ የሚታይ ነገር ስለሌለ ውሃው በውስጥ እየሄደ ነው። ዳገት ላይ የሚግል ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፤ ቴስታታው ይነሣ» ብዬ ፈረድሁ። ወዳጄ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጠው ገንዘብ አውጥቶ ቴስታታው ተነሣ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። አሮጌውን በብርሃን ላይ ዘርግቼ ስመለከተው ግን አንዳች የመበላት ምልክት አልነበረበትም። ነገሩን በልቤ ያዝሁት እንጂ ለወዳጄ አልነገርሁትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ካሚዮኑ ጣርማ በር ላይ እንደ ገና ጋለ፤ ውሃውም እንደ ቀድሞው ጎደለ። ወዳጄም «ሞቶሩ ታድሷል፤ እንግዲህ የቀረው ጥፋተኛ አንተ ነህ» ብሎ ያን ልጅ በደብረ ሲና ላይ ከነጓዙ አወረደው። የካሚዮን ረዳቶች ወሬ ፈጣን ነው፤ «ውሃ ሳይሞላ ሞላሁ የሚል» የተባለ ልጅ በሌላ መኪና ላይ ሥራ አያገኝም።

አድማጮቼ ሆይ፤ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ባልመረመርሁት ነገር ላይ ጎፈሬ ያበጠርሁ እኔ ነበርሁ። የእኔ ስሕተት የወዳጄን ገንዘብ አጠፋ፤ ቀጥሎም የወዳጄን ጥርጣሬ ወደ ልጁ አዞረው። ወዳጄ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ነገር በግልጽ ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እንግዲህ ከየት እንጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አልሁት።

ከሥሩ መጀመር ማለት ምን ማለት ነው? አልፎ አልፎ የሚታይ ጉድለት ሁልጊዜ ከሚታየው የሚለየው ለመታየት የራሱን ጊዜና ሁኔታ የሚጠብቅ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሣት በፊት ብዕር ማንሣት ይገባል። ለወዳጄ አንድ ደብተር ሰጠሁት። ከሽቦም አንድ ዘንግ ቈርጠን ሙሉው የውሃ ልክ ላይ ምልክት አደረግንበት። ማታ ሞቶሩ ከበረደ በኋላ፣ ጠዋትም ከመነሣቱ በፊት፣ በራሱ እጅ እየለካ እንዲጽፍ ነገርሁት። ከዚህም ጋር ያደረበትን ቦታ፣ የጫነውን ጭነት ብዛት፣ የሄደበትን መንገድ፣ የአየሩን ብርድና ሙቀት እንዲመዘግብ አደረግሁ።

አምስት ጊዜ ደሴ ደርሶ ተመለሰ። ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ሁለታችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አነበብነው። መጀመሪያ ዳገቱን ተመለከትን። ከደሴ ሲመለስ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማ በር ድረስ የሚወጣው ዳገት ከ1300 ሜትር ገደማ እስከ 3000 ሜትር በላይ የሚያደርስ ነው። ከአዲስ አበባ በኩል ሲመጣ ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ያለው ከፍታ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጓርኒሲዮኑ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሞቶሩ በታላቁ ዳገት በባሰ ነበር፤ ደብተሩ ግን የሚለው ተቃራኒውን ነው። በታላቁ ዳገት አንድም ቀን አልጋለም። የጋለው በትንሹ ዳገት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጭነቱን ተመለከትን። ከባድ ጭኖ ያልጎደለበት፣ ቀላል ጭኖ የጎደለበት ቀን አለ። ስለዚህ ጭነቱም አይደለም። በመጨረሻ ጣቴን በማደሪያው ዓምድ ላይ አሳረፍሁ። ደብረ ብርሃን ያደረባቸው አራት ሌሊቶች ነበሩ፤ በአራቱም ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ጎድሏል። ሸዋ ሮቢት ያደረባቸውም አራት ሌሊቶች ነበሩ፤ በአራቱም ምንም አልጎደለም። ደሴ ባደረባቸው ሌሊቶች ግማሽ ሊትር ያህል ጎድሏል። አዲስ አበባ ሲያድር ደግሞ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ውሃ የመጨመር ልማድ ስለ ነበረው ያ ጥቂት ጉድለት ቀድሞ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ወዳጄ ደብተሩን ደጋግሞ ካየ በኋላ «ውሃው የሚሄደው መኪናው ቆሞ ሳለ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም እንደዚያ ነበር። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ናት። ጉድለቱ የተከተለው ዳገቱን ወይም ጭነቱን ሳይሆን ብርዱን ነበር። እኔ ግን ሌባው በብርድ ሌሊት የሚመጣ መሆኑን ሳላውቅ በቀትር ፀሐይ ስፈልገው ቆይቼ ነበር።

በጥር ወር መጀመሪያ ላይ ሁለታችን ደብረ ብርሃን ሄደን አደርን። ማታ ሞቶሩ ከበረደ በኋላ ውሃውን እስከ ምልክቱ ሞላን፤ ከሞቶሩ በታች ያለውን ብረት ሁሉ በጨርቅ አደረቅን፤ መሬቱ ላይ ደግሞ የተዘረጉ ካርቶኖች አነጠፍን። በየሁለት ሰዓቱ ባትሪ እያበራን ተመለከትን። እስከ እኩለ ሌሊት ምንም አልነበረም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በፊት እግሩ ጎማ አጠገብ ካርቶኑ ረጠበ። ወዳጄ «ከጎማው በላይ እኮ የውሃ ቱቦ የለም!» አለ። እኔም በጀርባዬ ተኝቼ ከእርጥቡ ቦታ ወደ ላይ ዱካውን ተከተልሁ። ውሃው በሻንሲው ብረት የታችኛ ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ ክንድ ተኩል ያህል ተጉዞ ነበር የሚወድቀው። መነሻው ከራዲያተሩ ታች ወደ ፓምፑ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነበር። በዚያ በፋሸታው ሥር በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ጠብ ይል ነበር።

ይህች ጠብታ ምን ያህል ናት? 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በሰከንድ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ በአንድ ሰዓት 3600 ጠብታ፣ ማለት 180 ሚሊ ሊትር ትሆናለች፤ በ10 ሰዓት ደግሞ 1800 ሚሊ ሊትር ይፈሳል። ጠብታዋ ሁለት ስትሆን የጠፋብን ሦስት ሊትር ውሃ ወዴት እንደ ሄደ ሒሳቡ በግልጽ ይናገራል።

ሲነጋም ሞቶሩን አስነሣን። ውሃው እየሞቀ በሄደ መጠን ጠብታዋ እየቀጠነች ሄደች፤ ጥቂት ቆይታም ፈጽማ ቆመች። በሻንሲው ላይ የነበረውም እርጥበት በሞቶሩ ሙቀትና በነፋሱ ደረቀ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በጨለማ ተነሥቶ የሚሄድ ሾፌር፣ ያውም ሁልጊዜ የመኪና እጣቢ በሚፈስበት የካሚዮኖች ማደሪያ ውስጥ፣ ይህን እንዴት ሊያይ ይችላል?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቱቦው ከብዙ ዓመት አገልግሎት የተነሣ ልስላሴው ጠፍቶ እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር። ቱቦው የተጠለቀበት የብረት አንገትም ለብዙ ጊዜ ተራ ውሃ ብቻ ሲፈስበት ስለ ኖረ በዝገት ተበልቶ ጎድጉዷል። ሙቀት ሲኖር ብረቱም ጎማውም ስለሚሰፉ ክፍተቱ ይዘጋል። ብርድ ሲመጣ ሁለቱም ይኮማተራሉ፤ አዲስ ጎማ ቢሆን እየተለጠጠ ብረቱን በተከተለው ነበር፤ የደረቀው ጎማ ግን መከተል ስለማይችል በዝገቱ ጉድጓዶች በኩል መንገድ ይከፍታል። መድኃኒቱም ቀላል ነበር። አንገቱን ዝገቱ እስኪለቅ ድረስ ፍቀን አጸዳን፤ አዲስ ቱቦና ሁለት አዲስ ፋሸታ አገባን፤ ሞቶሩ ሞቆ ከበረደ በኋላም ፋሸታዎቹን ዳግመኛ አጠበቅን። ዋጋው ቴስታታ ለማንሣት ከወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም።

አሁን ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ እንዲህ ያለ ችግር ለሚያጋጥመው ሰው የሚጠቅም ቅደም ተከተል ልስጥ።

በመጀመሪያ፣ የጋለ ሞቶር የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ውሃው ወዲያው ፈልቶ በፊት ላይ ይወረወራል። እንዲሁም በጋለ ሞቶር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላልና እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ክዳኑ ራሱ ይመርመር። ክዳኑ ሁለት በሮች አሉት፤ አንደኛው ግፊት ሲበዛ ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ ሁለተኛው ሞቶሩ ሲበርድ አየር ወይም ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሞላው የደከመ እንደ ሆነ ውሃው ዳገት ላይ በማስተንፈሻው ቱቦ ይሄዳል፤ በሞቶሩ አካልም ላይ ምልክት አይተውም።

ሦስተኛ፣ ሞቶሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዱካ ይፈለግ። ውሃ ይደርቃል እንጂ ዱካውን አይደብቅም፤ ተራ ውሃ የዝገት ወይም የኖራ መስመር፣ ቀለም ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ደግሞ የራሱን ቀለም ይተዋል። ዱካው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይከተሉት፤ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላልና። በጥቁር መብራት ሲታይ የሚያበራ ቀለም በውሃው ላይ መጨመርም ዛሬ የተለመደ ዘዴ ነው። የፓምፑን ሥር መመልከት አይረሳ፤ በዚያ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የተሠራችው የፓምፑ ማኅተም ሲያረጅ እንድትናገር ነው፤ ከእርሷ ውሃ ከመጣ ፓምፑ ይለወጥ እንጂ ቀዳዳዋ አትደፈን።

አራተኛ፣ በራዲያተሩ አፍ ላይ የምትገጠም መለኪያ ያላት የእጅ ፓምፕ አለች። በእርሷ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ሰጥቶ ለሩብ ሰዓት መርፌዋን መመልከት ነው። ይህ ምርመራ በሞቃት ሞቶር ብቻ ሳይሆን ማለዳ በበረደው ሞቶር ላይም ይደረግ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ለወዳጄ ብዙ ድካም ባተረፍሁለት ነበር።

አምስተኛ፣ ውጩ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ እንሂድ። ጠዋት ሞቶሩ ሳይነሣ የዘይቱን ኮፓ ቡሽ በጥቂቱ ማላላት ነው፤ ውሃ ከዘይት ይከብዳልና በውስጡ ውሃ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ፣ ማርሚታው ሞቶሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ እንፋሎት ከተፋ፣ ወይም በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ጓርኒሲዮኑን ወይም ቴስታታውን መጠርጠር ይገባል። የማቃጠያው ጋዝ ወደ ውሃው ሲገባ ቀለሙን የሚለውጥ የመመርመሪያ ፈሳሽም አለ። በአሮጌ የናፍታ ሞቶሮች ላይ አንድ ሌላ በሽታ አለ፤ ውሃ በቀጥታ የሚነካው የሲሊንደር ግድግዳ በሞቶሩ መንቀጥቀጥ ከሚፈጠሩት ጥቃቅን አረፋዎች ፍንዳታ የተነሣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይበሳል። ይህን የሚከላከለው በውሃው ውስጥ የሚጨመረው ዝገት ከልካይ መድኃኒት ነው።

ስለ ውሃው ራሱም አንድ ቃል ልጨምር። ከጉድጓድ የሚቀዳ ኖራ የበዛበት ውሃ በቱቦዎች ውስጥ ድንጋይ ያበጃል። ንጹሕ ውሃና ኤቲሊን ግሊኮል ያለበት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እኩል ለእኩል ሲደባለቅ ከዝገት ይጠብቃል፤ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ያህልም ሳይረጋ ይቆያል። ነገር ግን ይህ ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ ግን መርዝ ስለ ሆነ ከልጆችና ከእንስሳት ይራቅ፤ የተቀዳውም መሬት ላይ አይደፋ። ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ ዱቄት ወይም ዕንቁላል በራዲያተር ውስጥ መጨመር ግን ጤነኞቹን ቀጭን ቱቦዎች አብሮ መድፈን ነው።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ታሪኩ ገና አላለቀም። ካሚዮኑ ከተጠገነ በኋላ ወዳጄ ወደ ቤቱ አልሄደም። ያን ረዳት ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጎ በአንድ የጭነት መኪናዎች መናኸሪያ ጆንያ ሲሸከም አገኘው። እኔም አብሬው ነበርሁ። ወዳጄ ስድብ የሰነዘረው በሾፌሮች ፊት ስለ ነበር፣ ይቅርታውንም በሾፌሮች ፊት አደረገው። አሮጌውን ቱቦ ከነፋሸታው ከፍ አድርጎ አሳያቸውና «ውሃውን የወሰደው ይህ ነው። ልጁ ማታ ማታ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የበደልሁት» አለ። እኔም ቀጥዬ «በሞቶሩ ላይ ያለ ማስረጃ የፈረድሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው» አልሁ።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያም «ጋሼ፣ እስቲ ቱቦውን ልየው» ብሎ ተቀበለና የደረቀውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። በመጨረሻም «እንግዲህ ጠዋት ጠዋትም መለካት ነው» አለ። በማግሥቱ ወደ ካሚዮኑ ተመለሰ። ያ ደብተር ዛሬ በእርሱ እጅ ነው፤ ማታና ጠዋት ውሃውን እየለካ የሚጽፈው እርሱ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ሞቶር የሚያፈሰው ውሃ በምንጭ ውሃ ሊተካ ይችላል። በችኮላ ፍርድ የፈሰሰው የሰው ስም ግን እንደዚያ በቀላሉ አይለቀምም። ስለዚህ መካኒክ የሆናችሁ ሁሉ ቁልፉን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ለኩ፣ ጻፉ፤ ጉድለቱ በሚታይበት ሰዓትና ቦታ ሄዳችሁ ጠብቁት። ባለንብረቶችም «ሞልቼዋለሁ» ያላችሁን ሠራተኛ ሐሰተኛ ከማለታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከመኪናችሁ በታች ካርቶን አንጥፉ።